«ሜርሲ» ብዬ ጦሜን ላድር

ፈረንሳይ አገር ራት ከተጠራችሁ ከቤት ስትወጡ ቢያንስ አንድ ሙዝ ብሉ። ተቃጥዬበት ነው የምነግራችሁ።

ሊዮን ውስጥ በምሠራበት ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጥ ፈረንሳዊት ባልደረባ አለችኝ። አንድ ቀን «ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ቤት ኑ፤ የተለየ ነገር የለም፣ አ ላ ቦን ፍራንኬት ነው» አለችኝ። «ቤት ያፈራውን እንቋደሳለን» እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ «ቤት ያፈራውን» ያለ ሰው በግ አርዶ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ምሳዬን ዘለልኩ።

የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለውን ስማችንን ላድስ ብዬ ደግሞ ባለቤቴን እያጣደፍኩ 10 ደቂቃ ቀድመን ደረስን። በሩን የከፈተችልን ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ በባዶ እግሯ ነበር። ለካስ እዚህ አገር ቤት የተጠራ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ማርፈድ አለበት። ስም ሁሉ አውጥተውለታል፦ «የጨዋነት ሩብ ሰዓት»። ዕድሜ ልኬን ሳረፍድ ኖሬ፣ ቀድሜ በደረስኩባት በዚያች አንድ ቀን ባለጌ ሆንኩ!

ቀድሜ መድረሴ ግን ጠረጴዛው ሲሰናዳ እንዳይ አደረገኝ። የተልባ እግር ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ ካውያ ነክቶት አያውቅም። ሰሃኖቹ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። አንዱ ሰማያዊ አበባ አለው፣ አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል። «ይሄ የአያቴ ነው፤ ይሄኛውን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው ያገኘሁት» አለችኝ፣ በኩራት። አበባው የተሰካው የሰናፍጭ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ተመጋቢዎቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አጠር ተደርጎ ተቆርጧል። የውሃ ብርጭቆዎቹ ዱራሌክስ የሚባሉት፣ ወድቀው በቀላሉ የማይሰበሩት ናቸው። ቂጣቸው ላይ ቁጥር አለ። ልጆቿ ገልብጠው እያዩ «እኔ 34 ዓመቴ ነው!» «እኔ 7!» ይባባላሉ። በተማሪ ቤት የምሳ ሰዓት የሚጫወቱት የቆየ ጨዋታ ነው አሉ።

ሹካዎቹን ሳይ ልጆቹ ያበላሹት መሰለኝ፤ ሁሉም ጥርሳቸው ወደ ጨርቁ ተደፍቶ ነው የተቀመጡት። ላግዛት ብዬ አንድ ሁለቱን ገለበጥኩ። ምንም ሳትል መልሳ ደፋቻቸው። ድሮ የመኳንንቱ ቤተሰብ ምልክት የሚቀረጸው ሹካው ጀርባ ላይ ነበረ፤ እሱ እንዲታይ ነው አለችኝ። ባላባቶቹን እ.ኤ.አ. በ1789 ጀምረው ነቃቀሏቸው፤ ሹካቸውን ግን አልነኩባቸውም።

ዳቦው ሰሃን የለውም፣ ጨርቁ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይሄን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ጨርቅ ላይ? እንጀራስ ቢሆን?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ታዲያ ጨርቁ ላይ ነው ተብሎ እንዳሻው አይጣልም። እኔ ቁራሼን ገልብጬ ሳስቀምጥ ባሏ ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን ዘርግቶ አቃናው። ተገልብጦ የሚቀመጥ ዳቦ ድሮ ለአንገት ቆራጩ የሚተውለት ነው ይላሉ። እጅም ከጠረጴዛ በታች አይገባም፣ ሰላጣም በቢላ አይቆረጥም። «ቀለል ያለ» ነው የተባለልኝ ገበታ የራሱ ሕገ መንግሥት አለው እኮ! ዩኔስኮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳዮችን የድግስ ማዕድ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የጠረጴዛ አሰነዳዱን አብሮ ቆጥሯል። ቅርስ ላይ መቀመጤን ማን ነገረኝ?

አንድ ሰዓት ሙሉ ወይራና ኦቾሎኒ ስንቆረጥም ቆየን። አፔሮ ይሉታል። ከዚያ ቀዝቃዛ የአትክልት ነገር መጣ። ሆዴ ያጉረመርማል። በመጨረሻ ብረት ድስቱ ከነክዳኑ ጠረጴዛው መሀል ቁጭ አለ። ዶሮ ነው፣ ከእንጉዳይና ከድንች ጋር። እውነቱን ለመናገር ክዳኑ ሲነሳ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድም ከረሃቡ ነው፣ አንድም እናቴ ድስቱን በአንድ እጇ፣ ጭልፋውን በሌላው ይዛ ወደ መሶቡ ስትመጣ ታየችኝ።

አንድ ጭልፋ ወጣልኝ። ጨረስኩ። ዞር አለችና «ልጨምርልሽ?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ የተማርኩት ጨዋነት ምንድነው? አንገት ሰበር፣ ድምፅ ዝቅ። «ሜርሲ» አልኩ። ምስጋናም ነው፣ ትንሽ እንቢታም አለበት፣ በሞቴ ለመባልም በር ይከፍታል ብዬ ነው።

ጭልፋው አለፈኝ።

«ሜርሲ» ምግብ ሲቀርብልህ የሚባል ከሆነ «አይ፣ በቃኝ» ማለት ነው። በቃ። ሁለተኛ ጥያቄ የለም። ጠበቅኩ። አሁን «ምነው፣ ጣቴ አይጥምም?» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ባሏ «አፈር ስሆን» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ማን ይበል! ድስቱ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ። እዚያ ደግሞ እኔን አምጥቶ እዚህ አገር የጣለኝ ባለቤቴ፣ ከኔ 6 ዓመት ቀድሞ የገባው፣ «ዊ» ብሎ ሁለተኛ፣ «ዊ» ብሎ ሦስተኛ ያስጨምራል። ዓይኔን ሊያይ አልደፈረም። የመልስ መንገዱን እስከ ሜትሮው ድረስ አላናገርኩትም።

ሰላጣው ከዶሮው በኋላ መጣ፣ እንደ ቅጣት። ከዚያ ፎርማጆ። እሱም አንዴ ብቻ ነው የሚዞረው ሲሉኝ ካሁን በኋላ አላፍርም ብዬ ብሪ የሚባለውን ፎርማጆ ሹል ጫፍ ቆርጬ ወሰድኩ። ጠረጴዛው ለቅጽበት ዝም አለ። ሹሉ የሁሉም ነው፤ ከጎን በኩል ነው የሚቆረጠው። ቡናውም አንድ ስኒ ብቻ ነው፤ ቶና የለ፣ በረካ የለ።

እስከ አሁን ሳማ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ምሽት እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣውን ልንገራችሁ። ሴትየዋ ተቀምጣ ነበር።

አራት ሰዓት በፈጀ ራት የተነሳችው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ቀዝቃዛው ጠዋት ተሠርቷል፣ ዶሮው ራሱን እያበሰለ ነበር፣ ሰላጣውን ያመጣው ባሏ ነው። ሰሃን ተሸረፈ፣ ጨርቅ ተጨማደደ ብላ አልተጨነቀችም። ስቃለች፣ ተከራክራለች፣ ከኔ የበለጠ በልታለች። እናቴ ከእንግዳ ጋር ተቀምጣ ስትበላ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። እንግዳው እስኪሄድ ቆማ ትለምናለች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ የተረፈውን ከድስቱ ጥግ ትጠርጋለች። «በሞቴ» የሚሉኝ ሰዎች ሲናፍቁኝ እሷ ቆማ እንደነበር ግን አላስታወስኩም።

ቡፌ የሚለውን ቃል ራሱ ከነሱ ነው የተቀበልነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ለገሃርን ጨምሮ ስንቱን ቃል አራገፈልን፤ የጣቢያውን ምግብ ቤት፣ ቡፌ ደ ላ ጋርንም አስቡት። በፈረንሳይኛ ቡፌ የሰሃን ቁም ሣጥንም ነው። የባልደረባዬ ቡፌ ቀን በቀን ይከፈታል፣ የአያቷ ሰሃን ላይ ልጆቿ ፓስታ ይበሉበታል። የእናቴ ቡፌ ግን ቁልፉ መቀነቷ ላይ ነው። 12 ባለወርቅ ጠርዝ ሰሃኖች ነበሩ፤ አሁን 11 ናቸው። አስራ ሁለተኛውን የሰበርኩት ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ነው፤ ታሪኩ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነገራል።

ታዲያ ቀናሁና እኔም አ ላ ቦን ፍራንኬት ልጋብዝ አልኩ። ከእሁድ አሮጌ ገበያ የማይገጣጠሙ 8 ሰሃኖች ለቃቀምኩ፣ ሹካ ደፋሁ፣ አበባ በጠርሙስ ሰካሁ። የጠራሁት ግን አበሾችንም ነበር። እትዬ የምንላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ጠረጴዛውን አዩ፣ ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ ወደ ኩሽና ተከትለውኝ መጡና በሩን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ምነው? ሥራ ለቀቃችሁ እንዴ?» አሉኝ። በሳምንቱ አንድ ካርቶን ደረሰኝ፤ 12 ሰሃን፣ ባለወርቅ ጠርዝ።

እኔስ ተቀመጥኩ? አልተቀመጥኩም። ወንበር ነበረኝ፣ ሰሃኔም ነበር። ግን «ጨምሩ እንጂ፣ በሞቴ» እያልኩ ዙሪያውን ስዞር መሸ። ባልደረባዬ «ኖ፣ ሜርሲ» ብትለኝም አጎረስኳት፣ ጥጋቧ ጉሮሮዋ ድረስ እስኪደርስ።

አምና አዲስ አበባ ስሄድ እናቴን «እማዬ፣ ቡፌውን ክፈቺው፣ ዛሬ በነዚያ እንብላ» አልኳት። «ለእንግዳ ነው እኮ» አለች። «እኔ እንግዳ አይደለሁም እንዴ? ከባህር ማዶ ነው የመጣሁት።» ትንሽ አሰበችና ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። ሰሃኖቹን አጥቤ ደረደርኩ፣ ለሷም ወንበር ሳብኩላት። ተቀመጠች፤ ጫፉ ላይ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው። አንድ ጎረሰች። ወጡን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ በሩን አየችው።

«ጨው ያነሰው ይመስለኛል» አለችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።