የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉን ትቶ ፈተናውን ብቻ ይያዝ?

የመከራከሪያው ሐሳብ ይህ ነው፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ከብሔራዊ ፈተናው በስተቀር ሁሉን ይተው።» ደጋፊው በአንድ የወረዳ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምሩ ጸጉራቸው የሸበተ መምህር ናቸው። ተቃዋሚዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ናት። የተመላለሱት በጽሑፍ ነው።

መምህሩ

የሒሳብ ሰው ነኝና በቁጥር ብጀምር አትታዘቡኝ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ሆነ። እያደገ ነው የሚል ደስ ይበለው። እኔ ግን ስልሳ ልጅ ፊት ስቆም፣ በአገሩ ስሌት ከነዚህ የሚያልፉት አምስት ናቸው ብዬ ነው ጠመኔ የማነሳው።

ለእነዚህ ልጆች «አትጨነቁ፣ ዘና በሉ» የሚል መካሪ በዝቷል። መካሪው ብዙ ጊዜ ልጁ ቢወድቅ ሱቅ የሚከፍትለት ወይም ውጭ አገር የሚልከው ሰው ነው። የኔ ተማሪ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነው። እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይገባል፣ ሐሙስ እንጀራው ይሻግታል፣ ዓርብ በቆሎ ይውላል። ለኪራዩ አባቱ በግ ሸጧል። ይህ ልጅ የሚዝናናበት ዓመት ይኖረዋል፤ ዘንድሮ ግን አይደለም።

ዱሮ ማምለጫ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የምናስታውስ ነን። አጤሬራ ጠቅልሎ የሚገባ፣ ከጎበዝ አጠገብ ወንበር የሚሻማ፣ ከበር ውጭ መልስ የሚያቀብል ዘመድ ያለው ሁሉ አልፎ ሄዷል። ዛሬ ልጁ ግቢ ገብቶ ዶርም ያድራል፣ ስልክ ይዞ አይገባም፣ በር ላይ ይፈተሻል። አዳራሹ ውስጥ አብሮት የሚገባው ያጠናው ብቻ ነው።

እንግዲህ የምላቸው ይህ ነው። ቲክቶኩን ዝጉት። የቅዳሜውን የእንግሊዝ ኳስ ከነቤቲንጉ ተዉት። ሠርግና ማኅበር ታላላቆቻችሁ ይሂዱላችሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሱ፤ ከተማው ጸጥ ይላል፣ መብራትም ቢሆን በዚያ ሰዓት ይሻላል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ናቹራሉም ሶሻሉም የሚፈተናቸው ናቸውና ከእነሱ ጀምሩ። አፕቲትዩድን «አይጠናም» ብሎ የሚንቅ ተማሪ ሞልቷል፤ ይጠናል፣ ነጥቡም እንደ ሌላው ይቆጠራል። ፈተናው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይወጣምና የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ ከታናናሾቻችሁ ተዋሱ። ጭንቀቱንም አትሽሹት፤ ቀስቅሶ መጽሐፍ የሚያስይዛችሁ እሱ ነው።

አማካሪዋ

ጋሼ፣ ቁጥሩን አልከራከርዎትም። የምከራከረው ከቁጥሩ ላይ ያነሡትን ምክር ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ሌሊት አሥር ሰዓት የሚነሳ አንድ ልጅ ጠፍቶ ነው? የፊዚክስ መምህር በመንፈቅ ተዘዋውሮ ሌላ ያልተተካበት፣ መጽሐፉ ለሦስት አንድ የደረሰበት፣ ቤተ ሙከራው ቁልፉ የጠፋበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠን ልጅ «ሁሉን ከዘጋህ ታልፋለህ» ስንለው፣ ያላለፈ ዕለት «ሰነፍ ነኝ» ብሎ እንዲያምን እያዘጋጀነው ነው። ቢሮዬ የሚመጡት ይህንን ያመኑ ልጆች ናቸው።

ሲመጡም «ጭንቀት ያዘኝ» አይሉም። «ራሴን ያመኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል»፣ «ያነበብኩት አይገባኝም» ነው የሚሉት። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወረፋ ይሆናል። ሌሊቱን ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለህ ብዬ ስጠይቅ አራት፣ አምስት ሰዓት የሚል መልስ በኩራት ይነገረኛል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመክሩት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ይህ ለምቾት የተባለ አይደለም፤ ቀን የተማርነው ነገር አእምሯችን ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ሰዓት ነውና። አሥር ሰዓት ተነስቶ የተሸመደደው ኬሚስትሪ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከእንቅልፍ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይደፋል።

ስለ አጠናኑ ደግሞ ምንም አላሉም፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የቆጠሩት። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ የሸመደድነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ እያሳረፉ መመለስ ደግሞ በአንድ ቀን ከመደራረብ የበለጠ ያስቀረዋል። ተማሪዎቼን የማሠራቸው ይህንን ነው። አንድ ንዑስ ርዕስ አንብብ። መጽሐፉን ዝጋ። ባዶ ወረቀት ላይ የቀረህን ጻፍ። ግለጥና ያመለጠህን በቀይ ሙላ። ከሦስት ቀን በኋላ ቀዩን ብቻ እንደገና ሞክር። የቆየ የፈተና ወረቀት ስትሠራ ሰዓት ይዘህ፣ መልሱን ሳታይ ሥራ። በማርከር ያሸበረቀ ደብተር ሲያዩት ያምራል፤ ልጁ የሚያውቀውንና የሚያውቅ የሚመስለውን ግን አይለይለትም። እንዲህ የተጠኑ ሦስት ሰዓታት እያፈጠጡ ከሚነበቡ ስድስት ሰዓታት ይሻላሉ፤ የተረፈውን ይተኛበት።

ስልኩንም «ዝጉት» ሲሉ ወርክሺቱና የሞዴል ፈተናው የሚመጣው በቴሌግራም መሆኑን አይርሱ። ማታ ከመኝታ ቤት ይውጣ ቢሉኝ እስማማለሁ። ጓደኛ ግን አይዘጋም። «እኔም አልገባኝም» የሚል ጓደኛ ያለው ልጅ ቢሮዬ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይመጣም።

መምህሩ

እህቴ፣ የባዶ ወረቀቱን ነገር ወድጄዋለሁ፤ ለሒሳብም ይሠራል፣ የተሠራ ምሳሌ እያዩ «ገብቶኛል» ማለት ብዙ ልጅ አጥፍቷል። ስምንት ሰዓቱን ግን ከየት ላምጣው? አንድ ተማሪ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሊጥ አቡክታ እንጀራ ትጋግራለች። መጽሐፍ የምትይዘው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። «ተኚ» ስትያት «አታጥኚ» ማለትሽ ነው። የአንቺ ምክር የራሱ ክፍል፣ የራሱ በር ላለው ልጅ የተጻፈ ነው።

«ሁሉን ዝጉ» ስል ለልጁ ብቻ የምናገር መስሎሽ ከሆነ አይደለም። ለወላጅም ነው። በወላጅ ስብሰባ ላይ በግልጽ እላለሁ፦ ይህች ልጅ ዘንድሮ ውኃ አትቅዳ፣ ወንድሟ ይቅዳ። ያጉረመርማሉ። አንዳንዱ አባት «ጎረምሳ እንስራ ሊሸከም ነው?» ይለኛል። ጄሪካን ይያዝ እለዋለሁ።

ጫትም የምመክር እንዳይመስልሽ። «ለጥናት ነው» ብለው የጀመሩ ልጆች አይቻለሁ፤ ሌሊቱን ምርቃና ላይ ሆነው መጽሐፍ ያገላብጣሉ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሉም። እሱም ከሚዘጋው ውስጥ ነው።

ጭንቀትን በተመለከተ ግን አልለቅሽም። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ያስተማሩን አንድ ሙከራ አለ፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዬርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያደረጉት። ግፊት ሲጨምር መማርም እስከ ልኩ ይጨምራል ይላል። ምንም የማይጨንቀው ልጅ ምንም አይሠራም። ይህንንማ ያለ ሙከራም ማንም አስተማሪ ያውቀዋል።

አማካሪዋ

ውኃውን ወንድም ይቅዳ ያሉትን ፈርሜ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ከመላው ጽሑፍዎ እሱን በትልቁ ቢጽፉልኝ እወዳለሁ። ልጅቷ እዚያ ላይ የምታተርፈው ሰዓት ሌሊት ከምትሰርቀው ይበልጣል።

የዬርክስና የዶድሰንን ሙከራ ግን ጨርሰን እንንገረው። የተሞከረው በአይጦች ላይ ነው። ነጭና ጥቁር ሳጥን ቀርቦላቸው ጥቁሩን የመረጡ በኤሌክትሪክ ይነዘራሉ። የሳጥኖቹ ልዩነት ግልጽ ሲሆን ንዝረቱ በበረታ ቁጥር ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱ እንዲያስቸግር ሲደረግ ግን ብርቱው ንዝረት አዘገያቸው፤ የተሻለ የተማሩት በቀለል ባለው ነው። ሥራው በከበደ መጠን የሚጠቅመው ግፊት ያንሳል ማለት ነው። እስቲ ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ከሁለቱ ሳጥኖች የትኛው ነው?

ለልጆቻችን ደግሞ ንዝረቱ ከየአቅጣጫው ነው። «የአክስትሽ ልጅ ሐኪም ሆነ።» «የቤታችን ተስፋ አንተ ነህ።» «እኔ ሳልማር የቀረሁት ላንተ ብዬ ነው።» የሚናገሩት በፍቅር ነው፤ ልጁ ግን ጥያቄ ቁጥር አንድን ሲያይ የእናቱን ፊት ያያል። ልጆቹን የማስተምረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ በአክብሮት ይባላል፦ «እማዬ፣ እየሠራሁ ነው። ውጤቱን ሳይሆን ዛሬ ምን እንዳጠናሁ ጠይቂኝ።» መጀመሪያ ያፍራሉ። ያሉትን ግን እናቶቻቸው ይጠይቋቸዋል፣ ልጁም የሚመልሰው አያጣም።

አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ከራሱ ላይ ብን ብሎ ለሚጠፋበት ልጅ ደግሞ ይህን እላለሁ። እስክሪብቶህን አስቀምጥ። ትንፋሽህን ከሳብከው አስረዝመህ፣ ቀስ ብለህ አውጣ፤ ደጋግመው። ከዚያ የምታውቀውን አንድ ቀላል ጥያቄ ፈልግ፣ የትም ገጽ ይሁን። እሱን ስትመልስ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ከባዱ ላይ ሙጭጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋ ጎበዝ ተማሪ እርስዎም ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን ክርክር ውስጥ አላስገባውም። ምግብ እንቢ ያለ፣ ሌሊት ጨርሶ የማይተኛ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል የወጣው ልጅ በዚያው ቀን ለሚያምነው ትልቅ ሰው ይነገርለት፤ ብቻውንም አይተው። ጓደኛው «ምሥጢር ነው» ቢለውም ይናገር። ሕክምና ማለት አማኑኤል ብቻ የሚመስላቸው ቤተሰቦች አሉ፣ ስሙ ሲነሣም ይሸሻሉ። በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፤ በአቅራቢያቸው ያለው ጤና ጣቢያም ወደዚያ ይልካቸዋል። ጸበልም የሚሄድ ይሂድ፤ ሐኪሙን ግን አያስቀርበት።

መምህሩ

እዚህ ላይ ቃል አልጨምርም፤ እንዳልሽው ይሁን።

የምንለያየው ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ጋ ግንቦት ላይ ልጁን «ባይሳካ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ታስጽፉታላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ያንን አላስጽፍም። ፈተና ሊገባ ሁለት ወር የቀረው ልጅ የመውደቂያውን ዕቅድ ሲጽፍ እጁ ይላላል። ወታደር ጦር ሜዳ ሲወርድ የማፈግፈጊያውን መንገድ በካርታ አታሳይውም። ከወደቀ በኋላ እኔ ራሴ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ፤ ሄጃለሁም።

አማካሪዋ

እናስጽፋለን፤ እንዲያውም የቢሮዬ ዋና ሥራ እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቀላል ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 ላልሞሉ ግን ሻል ያለ ነጥብ ላመጡ ሪሚዲያል አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወራት ተምሮ እንደገና የሚፈተንበት። በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ኤሌክትሪክ፣ አውቶ፣ አካውንቲንግ። ልጁ የሚስማማውን ይመርጣል፣ ለማን እንደሚነግር ስም ይጽፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ወደ ጥናቱ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ፈተናው በሐምሌ ካለቀ ውጤቱ ክረምቱን አልፎ ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ ሳምንት ልጁ ቤት ውስጥ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ እርስዎም እኔም የለንም። ውጤቱን በስልኩ ብቻውን ያየዋል፤ ምናልባት ሌሊት። እርስዎ ቤቱ እስኪደርሱ ያለውን ያንን ሰዓት ማን ይይዝለታል? ሁለተኛ መንገድ እንዳለ በዚያ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነገረው ልጅ አይሰማውም።

እጁ ይላላል ላሉት፣ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ወረቀቱን የጻፈ ልጅ የሚተኛ ልጅ ነው።

መምህሩ

እንግዲያው እንዲህ ላድርግ። ወረቀቱን ለልጁ ሳይሆን ለወላጆች አስጽፋለሁ። በሰኔ ስብሰባ እጠራቸውና «ልጅዎ ባያልፍ በዚያን ዕለት ምን ይሉታል? በማግስቱስ የት ይወስዱታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መጻፍ የማይችለው በቃሉ ይንገረኝ። ልጁ ግን ግቢ እስኪገባ ድረስ ከማለፍ ሌላ አይስማ።

አማካሪዋ

ለወላጆቹ መንገርዎ መልካም ነው፤ እኔም ከእርስዎ ወስጄዋለሁ። ግን ጋሼ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ አባትና እናት የሚያወሩትን ልጅ አይሰማም ብለው ነው? ግማሹን በጨለማ ከሚሰማ፣ ስብሰባው ላይ እሱም አጠገባቸው ይቀመጥ።