ስለ ጁሊያ ሞርጋን የወጣው ታሪክ ማስተካከያ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካዊቷ አርክቴክት ጁሊያ ሞርጋን (1872–1957) የወጣው አጭር የሕይወት ታሪክ «በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት» ይላታል፤ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲም አርክቴክቸር እንዳጠናች ይገልጻል። ሁለቱም ይታረሙ። የቡፋሎዋ ሉዊዝ ቢቱን ቀድማት በሙያው ስትሠራ ነበር፤ በ1888 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር አባል ሆናለች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሞርጋን ቀዳሚነት በካሊፎርኒያ ነው፤ በ1904 እዚያ የሙያ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ከበርክሌይ በ1894 የተመረቀችውም በሲቪል ምህንድስና ነው።

የፓሪሱ ዘመኗ በአንድ መስመር መታለፉ ግን ከስህተቶቹ ይበልጥ ያስቆጫል። በ1896 ወደዚያ ስትሄድ ኤኮል ደ ቦዛር የተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሴቶች ዝግ ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላም የመግቢያ ፈተናውን ያለፈችው በሦስተኛው ሙከራዋ፣ በ1898 ነው። ተማሪ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ይሰናበት ስለነበር ከዕድሜዋ ጋር እየተሽቀዳደመች ተማረች፤ በ1902 የምስክር ወረቀቷን ተቀበለች።

የማኅበሩን የወርቅ ሜዳሊያም በሕይወት ሳለች አላገኘችም። የተሰጣት በ2014፣ ከሞተች ከ57 ዓመት በኋላ ነው።