እናቱን የማያሳይ አርቢ ቡችላ አይሽጥልን

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የውሻ ነጋዴ፣ ላብራዶር ስለሚባለው የውሻ ዝርያ ሲናገሩ፣ «ላብራዶር ላብራዶር ነው፤ ዘሩ ንጹሕ ይሁን እንጂ ማን አረባው፣ እናቱ ምን ትመስላለች እያሉ መመርመር የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ሲሉ ሰምተናል። ለጥበቃና ለፍተሻ ሥራ የሚሆን ቡችላ የሚፈልግ ሰው በከተማችን በጎንደር እየበዛ ባለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ምክር በአደባባይ መስጠት ኃላፊነት የጎደለው ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣው «የፈረንጅ ቅንጦት» የሚለው ነው። የጎንደር ገበሬ የፎገራ ጊደር ሊገዛ ሲሄድ እናቷ ስንት ትታለብ እንደነበር፣ ጥጃ ወልዳ በሰላም ታሳድግ እንደሆነ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» እያለ ያደገ ሕዝብ ዘር መጠየቅን ከማንም አልተዋሰም።

ንጹሕ ዘር ማለት ደግሞ ከበሽታ የጸዳ ዘር ማለት አይደለም፤ ነጋዴው የሸፈኑትም ይህንኑ ነው። የስምንት ሳምንት ላብራዶር ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ይቦርቃል፣ ጣት ይልሳል፣ ልብ ይማርካል። ለሥራ የሚያበቃው ወይም የሚያሰናክለው ነገር ግን በዚያ ዕድሜ በዐይን አይታይም። ላብራዶርን ደጋግሞ የሚያጠቃው የዳሌ መገጣጠሚያ ልልነት በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለውሾች የመጨረሻው የዳሌ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ በሚነሳ ራጅ ነው። እንግዲህ በእቅፍ የተያዘ ቡችላ ዳሌው ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል የሚገመተው ከእናቱና ከአባቱ ራጅ ነው፤ ወላጆቹን የደበቀ ሻጭ ገዢው ሊያውቅ የሚገባውን ዋናውን ነገር ደብቋል።

ከዚህ የባሰ የሚሠራ ውሻን ከንቱ የሚያደርግ ሌላ በሽታ አለ። ጠንካራና ጉልበታም የሚመስለው ላብራዶር ከ5 እስከ 20 ደቂቃ በኃይል ከሮጠ በኋላ የኋላ እግሮቹ ይከዱትና እየጎተታቸው ይወድቃል፤ አንዳንዱም ይሞታል። መንስኤው የሆነው የዘረመል ለውጥ በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ተደርጓል። ለውጡን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል፤ እንዲህ ያሉ ወንድና ሴት ውሾች ሲዋለዱ ግን ከሚወለዱት ቡችሎች እያንዳንዱ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል ይኖረዋል። ሁለቱም ወላጆች ንጹሕ ላብራዶር ናቸው፤ ንጽሕናቸው ቡችላውን አላዳነውም። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የሚሠራ ነው። ጎንደር ላይ በቀላሉ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ናሙናው ግን በፖስታ የሚላክ ስለሆነ፣ ቡችላ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ርቀትን ምክንያት ሊያደርግ አይገባውም።

እናትን ማየት ከወረቀትም በላይ ይናገራል። ላብራዶር የአዳኝ ረዳት ነው፤ የተመታውን ወፍ ሳያቆስል በአፉ ይዞ ለጌታው እንዲያመጣ ሲመረጥ የኖረ ዘር ነው። በእናቲቱ ፊት የተጠቀለለ ካልሲ ወርውሩ። ሮጣ አንስታ፣ ሳታኝክ አምጥታ እጃችሁ ላይ ከለቀቀች ጥሩ ምልክት ነው፤ እንግዳ ስታይ ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ከሆነች ግን ቡችሎቿ ከእሷ ጋር የሚያሳልፏቸውን ሳምንታት ፍርሃት ሲማሩ ከርመዋል። ለውበት ትርዒት የሚረባውና ለሥራ የሚረባው ላብራዶርም ከተለያዩ ቆይተዋል፤ የሥራ ውሻ ፈላጊ ወላጆቹ ምን ሥራ እንደሠሩ ሊጠይቅ መብቱ ነው።

እዚህ የምናየው ግን ሌላ ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር በካርቶን የሚቀርቡት ቡችሎች ዐይናቸው ዐር ይዟል፣ ሆዳቸው በወስፋት ተነፍቷል፤ ሻጩም «ወር ሆኗቸዋል፣ የእብድ ውሻ ክትባት ወስደዋል» ይላል። በተለመደው መርሐ ግብር ይህ ክትባት የሚሰጠው ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ነው፤ ቡችላም ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ሊለይ አይገባም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ሳይገድል በማይመለስ በሽታ ላይ በቃል ብቻ ማመን ድፍረት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ባለበት ከተማ የሐኪም ማኅተምና የክትባቱ መለያ ቁጥር የሌለበትን ካርድ የምንቀበልበት ምክንያት የለም።

«ምርመራ ዋጋ ያስወድዳል» የሚለውም አያሳምነኝም። የሥራ ውሻ ለማሠልጠን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ሥልጠናውን ጨርሶ በሁለት ዓመቱ የሚያነክስ ውሻ ከማናቸውም ምርመራ በላይ ያከስራል። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ቡችላው ለሥራ ካልሆነ መልሶ እንደሚወስደው በጽሑፍ ይፈርማል፤ ገዢውንም ግቢ አለህ ወይ፣ ማን ያሠለጥነዋል ብሎ ይጠይቃል። በሬዲዮ የተናገሩት ነጋዴም ለቀጣዩ ገዢያቸው የእናቲቱን የዳሌ ራጅ ያሳዩ፤ ራጅ ከሌላቸው እናቲቱን ራሷን ያውጡለት፤ እሷንም ማሳየት ካልፈለጉ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።