ለየትኛው ፈተና ነው?

የዓመት ፈቃዴን ነሐሴ ላይ ወሰድኩ። ጅማ ውስጥ ነሐሴ ላይ ፈቃድ የሚወስድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ጣሪያው ያፈሳል። ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል፣ ማታ ይደግማል፣ ጠዋት ደግሞ ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመልሶ ይመጣል። እኔ ግን ዕቅድ ነበረኝ። ወሩን ሙሉ ልብ ወለድ ላነብ። ቁም ነገር ያለው አይደለም። የሚፋቀሩበት፣ የሚካካዱበት፣ ሰላይ ሰላይን የሚያሳድድበት።

መጻሕፍቱን የተከራየሁት መርካቶ አካባቢ ላስቲክ ወጥሮ ከሚነግድ ልጅ ነው። በቀን 10 ብር። ለመያዣ መታወቂያዬን ተቀበለ። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። ብድር ስጠይቅ እንኳ እንዲህ የተጠራጠረኝ የለም።

መከራው የጀመረው ባጃጅ ውስጥ ነው። ከአጂፕ ወደ ቆጪ እየሄድኩ መጽሐፌን ገለጥ አደረግኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

«ማስተርስ ነው?»

«አይ።»

«ፒኤችዲ?»

«አይ፣ እንዲሁ ለራሴ ነው የማነበው።»

ትንሽ ዝም አለ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁሉም ያልፋል» አለኝ።

አልፈርድበትም። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። እዚህ መጽሐፍ የያዘ ሰው ፈተና አለበት። ጫቱም፣ ለሊት መብራት አብርቶ ማደሩም፣ ዓይን መቅላቱም ለፈተና ሲሆን ክብር አለው። ያለ ፈተና መጽሐፍ ይዞ መዞር ግን ያለ ሰርግ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሶ እንደ መውጣት ነው። አለቃዬ ራሱ ስልክ ደውሎ እያነበብኩ መሆኑን ስነግረው «ጎበዝ! ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ እንዴ?» አለኝ፤ ድምፁ ላይ ስጋት ነበረበት።

መላ ዘየድኩ። ልብ ወለዱን በመሥሪያ ቤታችን የግዥ መመሪያ ሽፋን ለበጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሌላ ሆነ። አከራዬ እማማ ልጆቹን «ዝም በሉ፣ ያጠናል!» እያሉ ያባርሩልኛል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ደግሞ ያን ሰዓት ሲሳሳሙ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የተጋለጥኩት በእንባዬ ነው። ልጅቷ ደብዳቤ ትታ የምትጠፋበት ምዕራፍ ላይ ሆዴ ባባ። እማማ ቡና ጠጣ ሊሉኝ ሲገቡ ዓይኔን እየጠረግኩ ደረሱብኝ። መመሪያውን አዩት።

«ምነው ልጄ? መንግሥት ደግሞ ምን አወጣ?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። ሽፋኑን ገልጬ አሳየኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቁጭ አሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ጀበና እየገነፈለ ያዳምጡ እንደነበር ነገሩኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ነው። እማማ ግን የበዛብህን ሞት የሚያወሩት የትናንት ለቅሶ አስመስለው ነው። «በል እስቲ፣ ያንተዎቹስ ምን ሆኑ?» አሉኝ።

እንዲህ ሆኜ ተራኪ ሆንኩ። በአቦል አንድ ምዕራፍ፣ በቶና አንድ ምዕራፍ። በረካ ላይ ልብ የሚሰቅል ቦታ ደርሼ አቆማለሁ፤ በማግስቱም ቡና እንዳይቀርብኝ።

ሁለተኛው አድማጭ ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው። እሳቸው ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት ያደጉባቸው ሰው ናቸው፤ የፍቅር ነገር አይወዱም። ስለዚህ በረንዳው ጫፍ ላይ «ዝናቡ እስኪያባራ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። እሳቸው እቴ፣ «እስኪያባራ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ዝናብ ካነሳሁ አይቀር፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ዝናብ የሚዘንበው ሁለት ሰው አንድ ጃንጥላ ሥር እንዲገባ ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ ከሄርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ አንድ ወንደላጤ ባልቀረ። አፍንጫቸውም ሁሌ ሰልካካ ነው። ሀብታም አባት ሲያስፈልግ ደግሞ «ጅማ ቡና ይነግዳል» ይባልና ይታለፋል። እዚሁ ተወልጄ እንደዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር የከበረ ሰው አላየሁም።

እማማ አፍንጫው አላሳሰባቸውም። «ይሄ ዶክተር እናቱን ጠይቆ ያውቃል?» አሉኝ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። 180 ገጽ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርሽ አላላትም።

«አያገባትም» አሉ። ፈረዱ።

ነሐሴ 30 ደረሰ፤ መጽሐፉ አላለቀም። ደሞዝ የሌላት ጳጉሜን ደርሳ አዳነችኝ። ቀን ሥራ፣ ማታ ንባብ። በዋዜማው ለሊት መብራት ጠፍቶ በሞባይል ባትሪ ጨረስኩት። ልጅቷ ሞተች። ያውም ዶክተሩ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ እየጠበቃት።

ጠዋት እማማ ለዓውድ ዓመቱ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡናውን አቀራርበው ይጠብቁኛል። አዲስ ዓመት ነው። የበዛብህ እንኳ ገና አልወጣላቸውም። ምን ላድርግ? ዳርኳቸው።

«ድንኳኑ የት ተተከለ?» አሉ እማማ።

«እናቱ ግቢ።»

«አስታወሳት?»

«እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ።»

እማማ እልል አሉ። ሰርጉን ሰፋ አደረግኩት፤ ጠጁን፣ ሚዜዎቹን፣ ሙሽራዋ የለበሰችውን። ከደራሲው የበለጠ ደከምኩ።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን መልሼ መታወቂያዬን ተቀበልኩ። በሳምንቱ ሀጂ በር ላይ ጠሩኝ። ጋቢያቸው ሥር የታወቀ ሽፋን ብቅ ብሏል። እሳቸውም ተከራይተዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሞታለች እኮ!»

ዞር ብዬ አየሁ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ቡና ይለቅማሉ። ሀጂም አዩአቸው፤ መጽሐፉን ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።

«ሰርጉ ግን ያምር ነበር!» አሉ ጮክ ብለው።