እርማት፦ «በማየት የሚማር»፣ «በመስማት የሚማር» ስለሚባለው ነገር

ወንድሜ፣ «ጥሩ የኦንላይን ትምህርት ሲስተም መጀመሪያ ተማሪው በማየት ነው በመስማት የሚማረው ብሎ ይለያል፤ ከዚያ ለአንዱ ቪዲዮ፣ ለሌላው ድምፅ ይሰጣል» ብለሃል። ይቺ አባባል በጣም የተለመደች ናት። እኔም ድሮ አምኜባት ነበር። ግን አልተረጋገጠችም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት የሥነ ልቦና ባልደረቦቹ በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ፈትሸው ነበር። ትምህርቱን ከተማሪው «ስታይል» (በማየት ወይም በመስማት ይማራል ከሚባለው ዓይነት) ጋር ማዛመድ ውጤት ያሻሽላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኙም። ሰው ቪዲዮ ሊወድ ይችላል፣ እሺ። መውደድና በደንብ መማር ግን ለየቅል ናቸው።

አማርኛ የሚማር ልጅ እንውሰድ። የ«ሀ»ን ቅርጽ ለማወቅ ማየት አለበት። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ልዩነት ለመያዝ ደግሞ መስማት አለበት። ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው፤ መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ነው።

ሲስተሙ መከታተል ያለበት ተማሪው አሁን ምን ያውቃል የሚለውን ነው። ጀማሪውን ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ ይረዳዋል። ለገባው ሰው ያው ምሳሌ ሸክም ይሆንበታል፤ ቶሎ ጥያቄ ይሰጠው። እናም ተማሪውን በስታይል የሚለየውን መጠይቅ ከሲስተሙ አውጣና በቦታው አጭር ቅድመ ፈተና አስገባ።