ሰላምታው ሳያልቅ ቲማቲም የለም

ሰሜን ማላዊ፣ ምዙዙ ገበያ ሄዳችሁ «ቲማቲም ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጀምሩ ሻጯ ዋጋ አትነግራችሁም። ፈገግ ብላ በአካባቢው ቋንቋ፣ በቺቱምቡካ፣ «ሟውካ ኡሊ?» ትላለች። እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «ታውካ ማኮራ፣ ኳሊ ኢምዌ?» ብላችሁ ትመልሳላችሁ፣ እሷንም ትጠይቃላችሁ። እሷም ደህና ማደሯን ትነግራችኋለች። «ዬዎ» (አመሰግናለሁ) ተባብላችሁ ስታበቁ ነው ወደ ቲማቲሙ የሚገባው። ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ሰላምታው «ሟታንዳራ ኡሊ?» ይሆናል፣ እንዴት ዋሉ። እኛም እኮ እንዲህ ነበርን! አሁን ቦሌ ላይ «ሰላም ነው?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፈው ስንቱ ነው።

ለሀበሻ ይሄ የቺቱምቡካ ክፍል ቀላል ነው። አክብሮቱም አይከብደንም፣ «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው። ጉዱ የሚመጣው ሰዋስው ላይ ነው። ቋንቋው ባንቱ ስለሆነ ስሞች በየምድባቸው ተከፋፍለዋል፣ ቅጽሉም ግሱም ምድቡን ይከተላል። ጥሩ ሰው «ሙንቱ ሙዌሚ»፣ ጥሩ ሰዎች «ዋንቱ ዋዌሚ»። ጥሩ ነገር ግን «ቺንቱ ቺዌሚ»፣ ሲበዛ «ቪንቱ ቪዌሚ»። «ጥሩ» ለማለት እንኳ አስቦ መናገር ነው፣ ወገን!

መማሪያ መጽሐፍ ልግዛ ብትሉ የሚቀናችሁ የሌላኛው የማላዊ ቋንቋ፣ የቺቼዋ ነው። ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 የማላዊ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የካሙዙ ባንዳ መንግሥት ቺቼዋን ብሔራዊ ቋንቋ አደረገና ቺቱምቡካን ከሬዲዮም ከትምህርት ቤትም አስወጣው። ሬዲዮ ላይ የተመለሰው በ1994 ባንዳ ከሥልጣን ሲወርዱ ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩኝ አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ ብዙም አልተናገርኩም። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ እዚህ ወሬ ውስጥ ምን ብሎ ይገባል?

እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። «ሙ»ውን ከ«ቺ»ው ደባልቄ ስናገር አይስቁብኝም። ሻጯ ትክክለኛውን ቀስ ብላ ትደግምልኛለች፣ እኔም እደግመዋለሁ፣ ወሬው ይቀጥላል። በቃ። እኛ ጋ ፈረንጅ «አመሰግናለው» ሲል «ጎበዝ! ጎበዝ!» ብለን እናጨበጭባለን። ያገራችን ሰው ከሌላ ክልል መጥቶ ወንዱን «አንቺ» ካለ ግን አለቀለት። ቀኑን ሙሉ መቀለጃ ነው። ኮሜዲያችን እንኳ ግማሹ የሰው አነጋገር መኮረጅ አይደለም እንዴ? ያ ሰው እኮ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው የሚያወራን። እኛ በሱ ቋንቋ እንዴት አደርክ ማለት እንችላለን?

ይህ ነገር ይበልጥ የገባኝ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ምዙዙ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆቻችን መንገድ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ምዚምባ ወረዳ፣ ምታንጋታንጋ ጫካ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ 25 አስከሬኖች ሲገኙ የኛ ልጆች ናቸው ተብሎ ነበር። የሰፈሩ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ዛሬም ይህን ያነሳል፣ አይዞህ ይለኛል።

እና አንድ ቀን «ያገርህ ልጆች ተይዘዋል፣ አስተርጉምልን» ተብዬ ተጠራሁ። የሆሳዕና አካባቢ ልጆች ናቸው፣ ጢማቸው ገና ያልወጣ። በአማርኛ ሰላም አልኳቸው። አንደኛው ጥቂት ቃል መለሰልኝ፣ «ውሃ» እና «ስልክ»። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው በሀዲይሳ ያወራሉ። እኔ መሃል ቆሜያለሁ። አስተርጓሚ ተብዬ!

ፖሊሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየ። ከዚያ በቺቱምቡካ፣ «ያገርህን ሰው ቋንቋ እንዴት አታውቅም?» አለኝ። እሱ ያለው አንድም ቃል አላመለጠኝም።