ልጅ አበድሩኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሰው ለመጫወት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ሕዝቡ በራሱ መላ ዘይዷል፤ ልጅ ይዞ ይወጣል። እጁን ይዛ የምትከተለው የአራት ዓመት ሕፃን ማኅተም ያረፈባት ሕጋዊ ሰነድ ናት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወዳጅነት ፓርክ ጎራ በሉና በሙዚቃ የሚደንሰውን ፏፏቴ የከበበውን ሰው እዩት። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ፈንዲሻ ይቆረጥማሉ። አፉን ከፍቶ የቀረው አባት ነው። ሚስቱ «መሽቷል፤ እንሂድ» ስትለው «ቆይ እንጂ፣ ልጆቹ ይዩበት!» ብሎ ይቆጣል። እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በገመድ ተንጠልጥላ ቁልቁል የምትምዘገዘግ እናት አለች። «ልጁ እንዳይፈራ ቀድሜ ላሳየው ብዬ ነው» ትላለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስታሳየው ልጁን አክስቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

ጥያቄም የሚጠየቀው በልጅ ስም ነው። አንድነት ፓርክ ውስጥ አንበሶቹ ፊት የቆመ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህ ልጅ ማወቅ ፈልጎ ነው፤ አንበሳው ቀኑን ሙሉ የሚተኛው አሞት ነው?» ይላል። ልጁ የጠየቀው ሽንት ቤት የት እንደሆነ ነው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊያርፍ እንደሚችል ሲነገር ፊቱ የሚበራው አባትየው ነው፤ ለቤት የሚሆን ማስረጃ አግኝቷል።

አባቶቻችን እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረባቸውም። በገና ቀን ጌታና ሎሌ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ይወርዱና ጥንግ ሲያሳድዱ ይውሉ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ስለተደነገገ ቅልጥሙን የተመታ ጌታ አቤት የሚልበት የለውም። ማታ እሳት ዳር ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። የዚያ ደንብ «ምን አውቅልህ» ብሎ መጀመር ነው፤ ሊቁም ሽማግሌውም ያለ ሐፍረት አላውቅም ብሎ ይነሣል። መልሱ ካቃተው አገር ይሰጣል። ዛሬ መልስ ያቃተው ሰው የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። (አገር መስጠቱ ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ቶሎ ያልቃል።)

እኔ ልጅ ስለሌለኝ የእህቴን ልጅ እዋሳለሁ። ከእሷ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስዘል የሚያይ ሁሉ «እንዴት ያለ አጎት ነው!» ይለኛል። ብቻዬን ብዘል ግን ጠበል የሚያዝልኝ ይበዛል።

ባለፈው ቅዳሜ እሷ በሌለችበት አጥሩ ሥር የጉንዳን ሰልፍ አየሁ። ተንበርክኬ ስከተል ጎረቤቴ እትዬ ብቅ አሉ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው» አልኩ። ስለ ጤንነቴ ከሚወራ ቁልፍ ቢጠፋብኝ ይሻላል።

ግቢው ይህን ያህል እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር። ወዲያው ጡረተኛው ጋሼ፣ ዘበኛው፣ ከረባቱን ትከሻው ላይ የጣለው የባንክ ሠራተኛ፣ ሁሉም ተንበረከኩ። መጀመሪያ የምር ፈለጉ። በኋላ ባንከኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እነዚህ ግን ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለ። ልጅ ሳይዝ!

ጋሼ ጣታቸውን በሰልፉ መሀል አሳልፈው መሬቱን አሹት። ጉንዳኖቹ እዚያ ሲደርሱ ግራ ገባቸው፤ ወዲያ ወዲህ ተራወጡ፣ ከፊሎቹ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«ፊተኛዋ የተወችውን ጠረን ነው የሚከተሉት፤ ጠረጉባቸው እኮ» አልኩ።

«ታዲያ መንገዱን መልሰው ያገኙታል?» አሉ ጋሼ፣ በጥፋተኛ ድምፅ።

ለማየት ቆየን። እትዬ ከጓዳ ስኳር ይዘው መጡ፤ ለቁልፍ ፍለጋ ስኳር ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ሰልፉ ቀስ በቀስ ተጠገነ። አንዲት ጉንዳን የስኳር ቅንጣት አንግባ ድንጋይ መውጣት ስትጀምር ዘበኛውና ባንከኛው በማኪያቶ ተወራረዱ። ዘበኛው አሸነፈ። ባንከኛው ውርርዱ በግልጽ አልተጻፈም ብሎ ተከራከረ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስለ እሱም ማንም አልጠየቀኝም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ጋሼ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደጄን አንኳኩ። በእጃቸው አጉሊ መነጽር ይዘዋል።

«ዛሬስ የጠፋብህ ነገር የለም?»